8 ሜጋባይት ከቀበና

በጁላይ 2021 መቀመጫውን በዳላስ ያደረገው ሄሪቴጅ የተባለ አጫራች ድርጅት «ሱፐር ማሪዮ 64» የተሰኘውን የቪዲዮ ጨዋታ አንድ ቅጂ በ1.56 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አዋጆች ብቻ በራሳቸው ዓመት ተጠርተዋል።) ጨዋታው ብርቅ አልነበረም። ኒንቴንዶ በ1996 ካወጣው ወዲህ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ቅጂ ተሽጧል። ያን አንዱን ከሚሊዮኖቹ የለየው ማንም ከፍቶት አለማወቁ ነው። የፋብሪካው ላስቲክ አልተቀደደም፤ የካርቶኑ ማዕዘን አልደበዘዘም፤ ዋታ የተባለው ደረጃ መዳቢ ኩባንያም መርምሮ 9.8 ነጥብ ከሰጠው በኋላ በጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ዳግም አሽጎታል። ገዢው ልጫወትበት ቢል በመጀመሪያ ዋጋውን በገዛ እጁ መቅደድ ይኖርበታል።

ከዳላስ በስተ ሰሜን፣ በሚኒያፖሊስ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ባለችው በኒው ሆፕ፣ ይህ ዜና አንድ የቤተሰብ ክርክር አስነሥቷል። ኒው ሆፕ ለክርክር አዲስ አይደለችም፤ በ1936 የተወለደችው የአካባቢው ገበሬዎች የክሪስታልን የመንደር ግብር አንከፍልም ብለው በመለየታቸው ነው፤ ራሷን የቻለች መንደር የሆነችውም በ1953 ነበር። ዛሬ ከእነዚያ ገበሬዎች እርሻ ላይ ከበቀሉት ቤቶች በአንዱ፣ በቤዝመንቱ ደረጃ ሥር፣ አንድ የሙዝ ካርቶን ተቀምጧል። ባለቤቱ በቀን የመድኃኒት ቤት ቴክኒሽያን፣ ማታ ሁለት ልጆችን ወደ ስፖርት የሚያመላልስ አባት ነው። በ2010 በዲቪ ከአዲስ አበባ ሲወጣ ከልብሱና ከበርበሬው ጋር ይዞት የመጣው ዕቃ ነው። በውስጡ አንድ ጥቁር ፕሌይስቴሽን 2፣ ሁለት የተላላጡ ጆይስቲኮች፣ በእስክሪብቶ የተጻፈባቸው አርባ ያህል ሲዲዎች፣ አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተርና ከክብሪት ቤት የማይበልጥ ሜሞሪ ካርድ አሉ።

ክርክሩን ያስነሣው የ15 ዓመቱ ልጁ ነው። ልጁ የድሮ ጨዋታዎችን ይሰበስባል፤ ይገዛል፣ ይለውጣል፣ ዋጋ ይከታተላል። የዳላሱን ሽያጭ ታሪክ ካነበበ በኋላ ካርቶኑን አወጣና «አባዬ፣ ይኼ እኮ ገንዘብ ሊሆን ይችላል» አለ።

ገንዘብ አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ መረዳት ግን የሰብሳቢዎችን ገበያ አሠራር ለመረዳት ይጠቅማል።

በካርቶኑ ውስጥ ዋናው ጨዋታ ኮናሚ በ2006 መጸው ያወጣው «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6» ነው፤ በአሜሪካ ገበያ «ዊኒንግ ኢለቨን» ከሚለው የቆየ ስሙ ጋር 2007 የሚል ቁጥር ተለጥፎበት ተሽጧል። የእግር ኳስ ጨዋታ በየዓመቱ አዲስ እትም ይወጣለታል፤ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው እንደ አምናው የቀን መቁጠሪያ ይሆናል። ቅጂውም በገፍ የታተመ ስለሆነ በሁለተኛ እጅ መደብሮች ውስጥ በጥቂት ዶላር ይገኛል። የስፖርት ጨዋታ የሚወደደው ይህ ሰንሰለት ሲበጠስ ብቻ ነው። «ኤንሲኤኤ ፉትቦል 14» የተሰኘው የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ጨዋታ ከወጣ በኋላ ተከታዩ ለአሥር ዓመት ያህል ስለ ተቋረጠ፣ አሮጌው ሲዲ ከመቶ ዶላር በላይ ሲሸጥ ቆይቷል። ባንዳይ በ1987 ያወጣው «ስታዲየም ኢቨንትስ» ደግሞ ኒንቴንዶ መብቱን ገዝቶ በሌላ ስም እንደገና ስላሳተመው፣ ከመጀመሪያው እትም ገዢ እጅ የገባው ወደ 200 ያህል ብቻ እንደሆነ ይገመታል፤ በ2010 ያልተከፈተ አንድ ቅጂ 41,300 ዶላር አውጥቷል። የሩጫ ጨዋታ ነው፤ እንደ ጨዋታ ከተራ የሚበልጥ ነገር የለውም። ዋጋ ያገኘው በነጋዴዎች ውሳኔ መካከል በተፈጠረ ክፍተት ነው።

ከኒው ሆፕ የወጣው ሲዲ ግን እንኳን ብርቅ፣ «ትክክለኛ»ም አይደለም። የተቀዳ ነው። ማሽኑም የተቀዳ ሲዲ እንዲቀበል በውስጡ «ቺፕ» የተበየደለት ነው። ለ220 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር በሚኒሶታ አይነሣም፤ ቢነሣም የሚያወጣው ምስል ለአውሮፓ ቴሌቪዥን ሥርዓት የተዘጋጀ ነው። ልጁ ወደ አንድ የድሮ ጨዋታ መደብር ይዞት ሄዶ ነበር። ሻጩ በትሕትና ማሽኑን እንደማይወስድ ነገረው፤ ሜሞሪ ካርዱን ግን አጥፍቶ ለመሸጥ በጥቂት ዶላር ሊገዛው ፈቀደ። ልጁ ይህን እንደ መልካም ዜና ወደ ቤት ይዞ ሲመጣ አባቱ ከወንበሩ ተነሣ።

እዚህ ላይ ወደ ቀበና መመለስ ግድ ነው።

ከ2003 እስከ 2009 ሰውየው በቀበና ከአንድ ግቢ በር አጠገብ ሁለት በሦስት ሜትር በሆነች ክፍል ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረው። ከጆተኒና ከከረንቡላ ቀጥሎ የአዲስ አበባን ወንድ ልጆች ከሰዓት በኋላ የወሰደው ይህ ንግድ ነበር። ማሽኖቹ አብዛኛውን ጊዜ በዱባይ ነጋዴዎች ሻንጣ ይመጣሉ፤ ሲዲው እዚሁ ከተማ ይቀዳል። አንድ ግጥሚያ አንድ ብር ነው፤ ተሸናፊው ይከፍላል፣ አሸናፊው ይቀመጣል። ይህች ሕግ ከማናቸውም የንግድ ዕቅድ የተሻለች ነበረች፤ ምክንያቱም ጎበዙ ልጅ ያለ ገንዘብ ቀኑን ሙሉ ይጫወታል፣ ደካማው ሊያሸንፈው ሲል ይከፍላል፣ ሌሎቹ ደግሞ ሊያዩ በር ላይ ይቆማሉ። ብር የሌለው በዱቤ ይጫወታል። ደብተሩ ለዚሁ ነበር፤ በየገጹ ስም፣ ዕለት፣ «2 ብር»፣ «ሳሙና ሊገዛ ከተላከበት 1 ብር»፣ ከጎኑ የተሰረዘ ወይም ያልተሰረዘ መስመር። የአንድ ሰፈር ልጆች የኪስ ምጣኔ ሀብት በዚህ ደብተር ውስጥ ካለው በላይ በዝርዝር የተመዘገበበት ሰነድ ማግኘት ያዳግታል።

ጨዋታው ራሱ በልጆቹ አፍ ሌላ ቋንቋ ፈጥሮ ነበር። ኮናሚ የብዙ ቡድኖችንና ተጫዋቾችን የስም ፈቃድ ስላልነበረው በቀደሙት እትሞች ሮቤርቶ ካርሎስ «ሮቤርቶ ላርኮስ» ይባል ነበር፤ ሊቨርፑል ደግሞ «መርሲሳይድ ሬድ» ሆኖ ኖሯል። የቀበና ልጆች እውነተኛውን ስም እያወቁ ሐሰተኛውን ይጠሩ ነበር። በስድስተኛው እትም የብራዚሉ አድሪያኖ ምት ከሜዳው አጋማሽ ሳይቀር ያስፈራ ስለ ነበር «አድሪያኖ የለም» የሚል ደንብ በግድግዳው ላይ ተለጠፈ። መብራት በግጥሚያው መካከል ሲጠፋ ማን ይከፍላል የሚለው ጉዳይ ደግሞ ደንብ ያልተገኘለት ነበር፤ በ2009 ከተማይቱ በፈረቃ መብራት ስትዳረስ ይህ ጥያቄ በየሁለት ቀኑ ይነሣ ነበር።

በዚያው ዓመት የአካባቢው አስተዳደር ቤቱን አሸገው። ክሱ ልጆች ከትምህርት ቤት እየቀሩ ነው የሚል ነበር፤ ፍጹም ሐሰትም አልነበረም፤ ዩኒፎርም ከላይ በሹራብ ሸፍነው የሚመጡ ነበሩ፤ ቁጣቸው የሚገባ እናቶችም ነበሩ። ሆኖም በዚያ ሰፈር ያ ክፍል ሲዘጋ የተከፈተ ሌላ ነገር አልነበረም፤ ቤተ መጻሕፍትም ሜዳም። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀትና ማኅተም ለወራት ቆየ። በዳላስ እሽግ ዋጋ ይጨምራል፤ በቀበና ያጠፋል።

ከመታሸጉ ሁለት ዓመት በፊት ግን አንድ ነገር ተሠርቶ ነበር። ጨዋታው የራስን ተጫዋች መፍጠር ያስችላል፤ ስም፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የጸጉር ዓይነት፣ የትኛው እግር እንደሚቀናው፣ ከዚያም እስከ 99 የሚደርስ ነጥብ በየችሎታው። ባለቤቱ በአንድ የክረምት ሳምንት ከኮናሚ ፈጠራ ቡድኖች የአንዱን ስም ሰርዞ «ቀበና» ብሎ ጻፈና 16ቱን ቋሚ ደንበኞች አንድ በአንድ አስገባቸው። የጨዋታው ፊደል ላቲን ብቻ ስለሆነ በ«ጠ» እና በ«ተ» የሚጀምሩ ስሞች አንድ መልክ ያዙ። ሁሉም ፍጥነት 99 ይሁንልኝ ስላሉ ሸንጎ ተቀመጠ፤ ውሳኔውም እያንዳንዱ ከ90 በላይ የሚሆንለትን አንድ ችሎታ ብቻ ይምረጥ የሚል ሆነ። አንዱ ምት መረጠ፣ አንዱ ዝላይ። ከዚያ በኋላ ቀበና ከባርሴሎና ጋር ገጠመ፤ አንዳንድ ጊዜም አሸነፈ። ይህ ሁሉ በሜሞሪ ካርዱ ውስጥ ነው፤ 8 ሜጋባይት። መደብሩ አጥፍቶ ሊሸጠው የነበረው እርሱን ነው።

ሰውየው ለልጁ መልስ የሰጠው በቁጣ ሳይሆን በዝምታ ነበር፤ ዝምታው ግን ለጥያቄው በቂ አይደለም። ማንም ሊከፍልበት የማይፈልገውን ነገር ማቆየት ለምን ያስፈልጋል? የዚህ ጥያቄ አንዱ መልስ ከዚያው አካባቢ፣ ከኒው ሆፕ በስተ ምሥራቅ ጥቂት ማይል ብቻ ርቆ ይገኛል።

በ1971 መጸው ሦስት የካርልተን ኮሌጅ ተማሪዎች በሚኒያፖሊስ ትምህርት ቤቶች የማስተማር ልምምድ ያደርጉ ነበር። ዶን ራዊች በሰሜን ሚኒያፖሊስ በጆርዳን መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካን ታሪክ ለ8ኛ ክፍል ያስተምራል፤ ወደ ምዕራብ ስለ ተጓዙት ሰፋሪዎች በካርታና በዳይስ የሚጫወት ነገር ሲያዘጋጅ አብረውት ይኖሩ የነበሩት የሒሳብ መምህራን ቢል ሃይነማንና ፖል ዲለንበርገር ለኮምፒዩተር እንዲሆን መከሩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጻፉት። ማያ ገጽ አልነበረም፤ ከሩቅ ካለ ኮምፒዩተር ጋር በስልክ መስመር የተገናኘ የቴሌታይፕ መኪና መልሱን በወረቀት ላይ ያትም ነበር። ዲሴምበር 3 ቀን 1971 ተማሪዎች «ዘ ኦሪገን ትሬል»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወቱ። የልምምዱ ጊዜ ሲያልቅ ራዊች ፕሮግራሙን ከኮምፒዩተሩ ሰርዞ ሄደ፤ የቀረው የታተመው ወረቀት ብቻ ነበር።

ወረቀቱ በመቆየቱ ታሪኩ ቀጠለ። በ1973 የሚኒሶታ ግዛት ኮምፒዩተርን ለትምህርት ቤቶች ለማዳረስ ሜክ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀውን የመንግሥት ተቋም አቋቁሞ ነበር። ራዊች በ1974 እዚያ ሲቀጠር ያንን ጥቅል ወረቀት መስመር በመስመር መልሶ ጻፈው፤ የአደጋዎቹንም ድግግሞሽ ከመንገደኞቹ የዕለት ማስታወሻዎች እያነበበ አስተካከለው። በ1985 አብዛኛው አሜሪካዊ የሚያውቀው የአፕል ቱ እትም ወጣ። ለፖሊሲ ሰዎች ዋናው ነጥብ ግን የስርጭቱ ዘዴ ነው፤ የትምህርት ወረዳዎች ዓመታዊ የአባልነት ክፍያ ከፍለው ዲስኩን ለራሳቸው ትምህርት ቤቶች የፈለጉትን ያህል እንዲያባዙ ተፈቅዶላቸው ነበር። የአንድ ትውልድ የጋራ ትዝታ የሆነው ጨዋታ የተስፋፋው በመቀዳት ነው፤ በፈቃድ መቀዳቱ ከቀበናው ይለየዋል፣ በእጅ በተጻፈበት ዲስክ መዞሩ ግን ከቀበናው ጋር ያዛምደዋል። ተቋሙ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግል ዞረ፤ በ1996 ሶፍትኪ የተባለ ኩባንያ በ370 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ጨዋታውን ከጻፉት ሦስቱ ከዚያ ድርሻ አልነበራቸውም። በ2016 ኦሪገን ትሬል በሮቼስተር ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የቪዲዮ ጨዋታዎች የክብር መዝገብ ገባ።

ከሁለቱ ታሪኮች የሚታየው የሰብሳቢዎች ዋጋ አንድ ጨዋታ በሰዎች ሕይወት ውስጥ የነበረውን ቦታ እንደማይለካ ነው። የሚለካው መደበኛ ችርቻሮ በነበረበት አገር፣ አንድ ሰው ገዝቶ ሳይከፍት ያስቀመጠው ዕቃ መትረፉን ነው። ስለዚህ ገበያው በተፈጥሮው ለሀብታም አገሮች ልጅነት ያደላል፤ ሳይከፈት የሚቀመጥ አሻንጉሊት ትርፍ ባለበት ቤት ብቻ ይገኛል። በአዲስ አበባ አንድ ማሽን መቶ ልጆችን አጫውቷል። ማንኛውም መዳቢ ነጥብ ቢሰጠው ከዜሮ አይዘልም፤ ዜሮ ያደረገው ግን ያው ታሪኩ ነው።

ገበያው የማይጠብቀውን ተቋም ይጠብቀዋል ቢባል፣ ሁኔታው እምብዛም አያጽናናም። የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት በአሜሪካ ከወጡት የቆዩ ጨዋታዎች 87 በመቶው ዛሬ በሕጋዊ ገበያ እንደማይገኙ አሳይቷል። በኦክቶበር 2024 ደግሞ የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት፣ ተመራማሪዎች በቤተ መጻሕፍት ያሉ የቆዩ ጨዋታዎችን ከሩቅ ሆነው እንዲያዩ የቀረበውን ጥያቄ ሳይቀበል ቀርቷል። እዚህም ቢሆን የሚወራው ስለ ጨዋታዎቹ እንጂ ተጫዋቾቹ በውስጣቸው ስላስቀመጡት አይደለም። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፈጣሪን መብት ይጠብቃል፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስን ሲተረጉም ግዙፉንም ግዙፍነት የሌለውንም የሰው የፈጠራና የሥራ ውጤት ያቅፋል። የአዋጁ ቃል ሰፊ ነው። በቃሉ ስፋት ውስጥ አንድ ሜሞሪ ካርድ ሊገባ ይችል ይሆናል፤ ተቀብሎ የሚመዘግብ መስኮት ግን የለም፤ እስከዚያው ድረስ መዝገብ ቤቱ የኒው ሆፕ ቤዝመንት ነው። የዳያስፖራ ማኅበራት የድሮ ፎቶግራፎችንና ካሴቶችን ወደ ዲጂታል መለወጥ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ሜሞሪ ካርድ በዚያ ዝርዝር ላይ ያልሰፈረው ምናልባት ባለቤቶቹ ገና አርጅተው ስላልሞቱ ነው። የሲዲዎቹ ቀለም ግን የሰው ዕድሜ አይጠብቅም፤ ካርቶኑ ውስጥ ካሉት አርባ ሲዲዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አሁን አይነበቡም።

በመጨረሻ ሥራውን የሠራው ልጁ ነው። ሶኒ ለፕሌይስቴሽን 3 አሠርቶት የነበረ ትንሽ የሜሞሪ ካርድ ማገናኛ ከኢንተርኔት ገዛ፤ ካርዱን ከኮምፒዩተር ጋር አያይዞ ይዘቱን ቀዳ። ፋይሉን ለመክፈት የአውሮፓው እትም ሲዲ ያስፈልግ ነበርና ከእንግሊዝ አገር አንድ ያገለገለ አስመጣ፤ ከሲዲው ዋጋ የፖስታው በለጠ። በዚያ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው ኦሪጅናል ሲዲ ይኸው ነው። በኢሙሌተር ሲከፈት ቡድኖቹ በተራ ተሰለፉ፤ ወደ ታች ሲወርድ «ቀበና» በላቲን ፊደል ብቅ አለ፤ 16ቱም ነበሩ።

አባትየው የሰልፉን ፎቶ የቀድሞ የሰፈሩ ልጆች በሚገናኙበት የቴሌግራም ቡድን ላይ ለቀቀው። መልሱ በአዲስ አበባ ሌሊት ይሆናል ብሎ አስቦ ነበር፤ ግን ከዱባይም ከስቶክሆልምም በደቂቃዎች ውስጥ መጣ። «ጋሼ፣ የእኔን ዝላይ 91 ብቻ ነው ያደረግከው? 95 ተባብለን አልነበረም?» ያለው ዛሬ የሁለት ልጆች አባት የሆነ መሐንዲስ ነው። ሌላው ያልከፈለው ዱቤ ስንት እንደሆነ ጠየቀ፤ ደብተሩ ወጣ፤ 14 ብር ነበር። ክርክሩ እንደ ድሮው ለሰዓታት ቀጠለ።

ከ16ቱ አንዱ በ2014 በሊቢያ በኩል ከወጣ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ወንድሙ በቡድኑ ውስጥ አለ፤ ሌሎቹ ሲከራከሩ ዝም ብሎ ቆየና ለብቻው ጻፈ፤ የወንድሙን ገጽ ለይተው ፎቶ ቢልኩለት እናቱ ማየት ትፈልጋለች። ልጁ ተጫዋቹን ፈልጎ ከፈተ። የመጀመሪያው ፎቶ ስለ ደበዘዘ የክፍሉን መብራት አጥፍቶ እንደገና አነሣው። ቁመት 174፣ ቀኝ እግር፣ ፍጥነት 94፣ ዕድሜ 16።